እኔን ባይ ሰይፈኛ

መትቶ የሚያዝን ሰይፈኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሟቹ ወንድሜ እንደዚያ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ በእንጨት ሰይፍ የጥንቱን የፈረንጅ ፍልሚያ ስንሠለጥን፣ ሰው በመታ ቁጥር «እኔን!» ብሎ ሰይፉን ይጥልና የተመታውን ያሻል።

«ይህን ክፉ አመል ተው» ይሉታል አሠልጣኛችን።

«እሺ ጋሼ፣ ግን ያመዋል እኮ።»

ዝም ማለት እንዲለምድ ግንድ አስደበደቡት። ምን ይደረግ፣ ግንዱንም «እኔን» አለው።

በውድድር ከቡሬ ከመጣ ልጅ ጋር ሲጋጠም፣ ካላሸነፈ ከቡድኑ እንደሚወጣ ስለተነገረው፣ ከንፈሩን ነክሶ መታ። ዝምም አለ። የቡሬው ልጅ ግን «ወይኔ ክንዴ» ሲል ወንድሜ ሰይፉን ጥሎ ሊያሽለት ሄደ፤ ጎኑን በልጁ ሰይፍ ተነክቶም ተሸነፈ።

ከዓመት በኋላ ታሞ ሲሞት አሠልጣኙ ከሁሉ ቀድመው ለቅሶ ደረሱ። «እኔን» ብለው ትከሻዬን አሹልኝ። ይህን ክፉ አመል ይተዉ የሚላቸው አልተገኘም።