የከንቲባዋ ባለቤት አስፋልት ስለ መቀባታቸው የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2019
ቦታ፦ ማርሎ ክሪክ ከተማ፣ ኔብራስካ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለጉንፋን ክትባት በመያዙ ስብሰባው የተካሄደው በእሳት አደጋ ጣቢያው ወጥ ቤት ነው።
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20። ለ3፡00 የተጠራ ቢሆንም ወንበር ሲፈለግ ቆይቷል።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ደርዊን ሆልኮም፣ የምክር ቤት አባል፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ፊሊስ ብራንትሊ፣ የምክር ቤት አባል
3. አቶ ላይል ኦንስታድ፣ የመንገዶች ክፍል ኃላፊ

ጸሐፊ፦ ኔቫ ሆልኮም፣ ድምፅ የማትሰጥ
ተጠርተው የቀረቡ፦ አቶ ኦርቪል ታንደሪ፣ የከንቲባዋ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር

ከንቲባ ኮሪን ታንደሪ ጉዳዩ ባለቤታቸውን ስለሚመለከት ራሳቸውን አግልለዋል። ሌላው አባል አቶ ዱዌይን ፕሌት አደን ሄደዋል። ከአምስቱ አባላት ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ላይል ስልክ ሊያነሱ ሁለት ጊዜ ሲወጡ ሁለት ጊዜ ፈርሷል።

የስብሰባው ምክንያት፦ አቶ ኦርቪል ባለፈው እሑድ ጠዋት ከአረጋውያን መኖሪያው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ላይ በገዛ እጃቸው የእግረኛ ማቋረጫ ቀብተዋል። ነዋሪዎቹ ማቋረጫ እንዲቀባላቸው ያመለከቱት ከሦስት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ምክር ቤቱ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ ሰባት ጊዜ አስተላልፏል። በኦገስት ወር የ84 ዓመቷ ወ/ሮ አይሪን ካስል እዚያው ሲሻገሩ መኪና ገጭቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል።

አጀንዳ 1፦ የከንቲባ ባል ምን ተብሎ ይጠራ?

ወ/ሮ ፊሊስ የቀድሞ ከንቲባዎች ሚስቶች ቦታቸውን ያውቁ እንደነበር፣ የገና መብራት እያበሩና ፓይ የተባለውን የፍራፍሬ ኬክ ውድድር እየዳኙ በሰላም እንደኖሩ አስታውሰዋል። አቶ ኦርቪል ግን ዳኛ ሆነው አሥራ አንዱንም ፓይ አንደኛ በማውጣታቸው እስካሁን የማይነጋገሩ ቤተሰቦች አሉ ብለዋል። «ቀዳማዊ እመቤት» ለወንድ ስለማይሆን ሰብሳቢው «ቀዳማዊ ጌታ» እንዲባሉ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ፊሊስ ጌታ አንድ ነው በማለት ተቃወሙ። አርባ ደቂቃ የፈጀ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ «የከንቲባዋ አቶ» እንዲባሉ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ሥራቸው ምን ይሁን?

ሪባን ሲቆረጥ ጫፉን እንዲይዙ፣ መቀስ ግን እንዳይሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢው ከማንኛውም የከተማው ንብረት ሦስት ሜትር እንዲርቁ ጠየቁ። አቶ ላይል መንገዱ ሁሉ የከተማው ስለሆነ ሰውየው ቤታቸው በምን ይገባሉ ሲሉ ጠየቁ። ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ እንደ ተራ ሰው እንዲቆጠሩ ተብሎ ሐሳቡ ተሻሽሎ ጸድቋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ቀለሙ

አቶ ላይል መስመሮቹ ከደንቡ በላይ ሰፍተዋል ብለዋል። ለክተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አለመለካታቸውን፣ ግን በዓይን ሲታዩ ሰፊ እንደሚመስሉ ገልጸዋል። አቶ ኦርቪል እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው።

«ላይል፣ አይሪን ስትወድቅ ከኋላዋ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ብርቱካኗን ከአስፋልቱ ላይ ለቅሜ አምቡላንሱ ውስጥ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ሚስቴ ከንቲባ ባትሆን ኖሮ ይሄን ስቀባ ምን ትለኝ ነበር?»

አቶ ላይል «አመሰግንህ ነበር» አሉ።

ሰብሳቢው ይህ መልስ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዋል።

ከዚያም ቀለሙ በጥቁር ቀለም እንዲሸፈን፣ እንዲሁም የተመረጠ ባለሥልጣን ባል ወይም ሚስት የከተማውን ሥራ በእጁም ሆነ በእጇ እንዳይነካ፣ ውሳኔውም ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እንዲጸና ተወስኗል።

አቶ ኦርቪል ኮፍያቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉ። «ደርዊን፣ ይሄን ሁሉ የምትጽፈው ማን ናት?»

«ኔቫ ናታ። ሁልጊዜስ እሷ አይደለችም እንዴ?»

«ሚስትህ ናት» አሉ አቶ ኦርቪል።

ጸሐፊዋ ውሳኔውን በማክበር ብዕሯን አስቀምጣለች። በዚህ ምክንያት ቀጣዩ ሃያ ደቂቃ በሰብሳቢው እጅ ተመዝግቧል፤ ወረቀቱ ተያይዟል፤ ማንበብ የቻለ ሰው አልተገኘም። በዚሁ ጊዜ የበረዶ ጠራጊው መኪና መጋዘን ቁልፍ ያለው በወ/ሮ ፊሊስ ባል ኪስ ብቻ መሆኑም ታውቋል።

ሰብሳቢው በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ ጸሐፊዋ ገፉ። «እባክሽ ኔቫ፣ አንቺው ጻፊልን» አሉ።

ጸሐፊዋ በዚህ ሥራ ላይ በቆየችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት «እባክሽ» ስትባል የመጀመሪያዋ መሆኑ እንዲመዘገብ ጠይቃለች። ተመዝግቧል።

የዕለቱን ውሳኔዎች የሚይዘውን ሰነድ ማን ያርቅቅ በሚለው ላይ ውይይት ተደርጎ፣ ሌላ የሚችል ባለመኖሩ ጸሐፊዋ አርቅቃለች። እንዲህ ይላል፦

«በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሽሯል። በመንገዱ ላይ ያለው ቀለም ባለበት ይቆያል፤ በየዓመቱም በመንገዶች ክፍል ይታደሳል።»

አባላቱ እንደ ወትሮው ሳያነቡ ፈርመዋል። ስብሰባው ከቀኑ 6፡25 ላይ ተዘግቷል።