በሥዕሉ ላይ ያልነበረው እጅ

አጎቴ እንድሪስ በሶላት መጨረሻ ሲቀመጡ የትኛውን ጣታቸውን ነው የሚያነሱት? ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ እኛ ሙስሊሞች ስንሰግድ፣ ተቀምጠን የአላህን አንድነት ስንመሰክር፣ የቀኝ እጃችንን አመልካች ጣት ቀና እናደርጋለን። አጎቴ ደግሞ ያ ጣት የላቸውም። «አይተሽ አትረጂም?» ትሉኝ ይሆናል። ሴቶች የምንሰግደው ከኋላ ነው። እኔ የማየው ጀርባቸውን ብቻ ነው።

«ታዲያ ጠይቂያቸዋ» እንዳትሉኝ። እኔ መርሳ ከተማ ውስጥ «ድምጿ የማይሰማ» እየተባልኩ፣ በምስጋና ያደግኩ ልጅ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ መጽሐፌን ይዤ ጓዳ ስገባ እናቴ በኩራት ትከተለኝ ነበር፤ በዓይኗ ማለቴ ነው። ዝም የምለው ከጨዋነት ይሁን ከፍርሃት የጠየቀኝ ሰው የለም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው።

አጎቴ በሰፈሩ የሚታወቁት በሽቦ ነው። የተቃጠለ ዲናሞ፣ የባጃጅ ገመድ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የመብራት መስመር ይገዙና ላስቲኩን ገፍፈው መዳቡን ለወልድያ ነጋዴዎች ይሸጣሉ። ሌሎች በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ሽቦውን ከምረው እሳት ይለቁበታል፤ ሰፈሩ በጥቁር ጭስ ይታፈናል፣ መዳቡም ጠቁሮ ይወጣል። አጎቴ ግን የጎረቤት ልጅ በጭስ እያሳልኩ የምበላው አይዋጥልኝም ብለው በቢላ ይልጣሉ። የሽቦውን አንድ ጫፍ በእግራቸው ረግጠው፣ ሌላውን በግራ እጃቸው ወጥረው፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲልጡ ውለው የሚያገኙት መዳብ አንድ እፍኝ ነው።

እኔ ያኔ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት መጥቼ ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ በአፌ መናገር ስለማይሆንልኝ በወረቀት ተናገርኩ። አንድ መሣሪያ ሣልኩላቸው። በጣውላ ላይ የተጠመዱ ሁለት ኩሽኔታዎች ሽቦውን ጨምቀው ይስባሉ፣ እዚያው አጠገባቸው የቆመ ምላጭ ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጥቃል፣ በጎን ደግሞ የአሮጌ ብስክሌት ፔዳል እንደ እጀታ ይዞራል። ንጹሕ ሥዕል ነበር። ሽቦው አለ፣ ምላጩ አለ፣ ሽቦው የሚገባበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። እጅ ግን የለም። በተማርኩባቸው መጻሕፍት ውስጥ እጅ ተስሎ አይቼ አላውቅም፤ እዚያ ነገር ሁሉ የሚገፋው «በኃይል» ነው።

አጎቴ ሥዕሉን ሰፈር ወዳለ በያጅ ወሰዱት፣ መሣሪያዋም ተሠራች። የሳምንት ሥራቸውን በግማሽ ቀን ጨረሰችላቸው። ከዚያ በኋላ በየደረሱበት ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቆሙ። የወንድሜ ልጅ ከጭንቅላቷ ያወጣችው ነው እያሉ መርሳን አዳረሱ።

አንድ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎቴ መሣሪያዋን ሊያሳዩ አራት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እኔ ሻይ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። አጎቴ ሽቦ ያስገባሉ፣ ከእንግዶቹ አንዱ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ፔዳሉን ያዞራል። ሽቦው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻዋ ጫፍ አልገባ አለች። አጎቴ በአመልካች ጣታቸው ገፋ አደረጓት። ገባች። በሁለተኛውም ሽቦ እንዲሁ አደረጉ። ያኔ ሥዕሌ ምን እንደጎደለው ገባኝ። ሦስተኛውን ሲያነሱ አፌን ከፈትኩ። ግን አባቴን በሚያክሉ ሰው ላይ፣ ያውም በአራት ሽማግሌ ፊት፣ እንዲህ አይደለም የሚሠራው ልል ነው? እንግዶቹ ሲሄዱ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

እንግዶቹ ከመሄዳቸው በፊት ጣቱ ሄደ።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» ከማለት በቀር ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። መሣሪያዋንም አልጣሏትም፤ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ እየገፉ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ተመርቄ ወልድያ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። መርሳ በመጣሁ ቁጥር እጃቸውን እስማለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምስመው።

ባለፈው ሳምንት ግቢያቸው ውስጥ ሽቦ ሲለዩ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ያ የሶላቱ ጥያቄ ከአፌ አመለጠ። አጎቴ ሳቁ።

«ጉማጇን ነዋ የማነሳው። አላህ ርዝመት ይለካል እንዴ? ይቺን ለመጠየቅ ነው አራት ዓመት ሙሉ ስትቁለጨለጪ የከረምሽው?»

አንዱ ሲወጣ ሌላውም ተከተለ። ያን ቀን በር ላይ ሆኜ እንዳየሁ፣ ልናገር ብዬ እንደተውኩት እያለቀስኩ ነገርኳቸው። የያዙትን ሽቦ አስቀመጡ።

«አፍሽን ስትከፍቺ አይቼሻለሁ» አሉኝ። «ምን ልትይ ነው ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። በሰው ፊት ልጅ አረመችው እንዳልባል አፈርኩ።»

ታያላችሁ? አንዲት ጣት ለሁለት ሰው ጨዋነት ተከፈለች።

ሊያጽናኑኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ የምሥራች ጨመሩልኝ። በሽቦ ሥራ ያሉ ሰዎች ከጎረቤታችን ከግራና ከተማ መጥተው መሣሪያዋን ለክተው ሄደዋል፤ አሁን እዚያ በየግቢው እሷን የመሰለች አለች። ስምሽ ግራና ገብቷል አሉኝ ፊታቸው በርቶ። እኔ ግን ሰዎቹ ስለ ጣታቸው ጠይቀዋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። ጉማጇን በግራ እጃቸው ሸፈን አድርገው፣

«የአይሱዙ በር ነው የቆረጠኝ አልኳቸው። የወንድሜ ልጅ የሠራችው ጣት ይበላል ልበል? ነገ የምትዳሪ ልጅ ነሽ።»

አራቱ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ሲሉላቸው ኖረዋል። ፒንሳውንስ አላሳዩአቸውም ወይ አልኩ። ለምን በፒንሳ እንደሚገፉ እንዳይጠየቁ፣ ሰዎቹ የመጡ ቀን ፒንሳውን ኪሳቸው ከትተውት ነበር።

ስለዚህ ግራና ውስጥ ስንት ሰው አሁን በጣቱ እየገፋ እንደሆነ አላውቅም። አብረውኝ ሄደው እጃቸውን እንዲያሳዩ አጎቴን ለመንኳቸው። «በዚህ ሽበቴ ዋሽቼ ነበር ብዬ?» አሉና ወደ ሽቦአቸው ተመለሱ። አልፈረድኩባቸውም። የዋሹት ለእኔ ሲሉ ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ደግሞ ከቃላቸው ሌላ ሀብት የላቸውም።

ነገ የግራና ገበያ ነው። ሽቦ ሠራተኞቹ የሚቀመጡበትን አጠያይቄ አውቄያለሁ። የምናገረውንም ጽፌ አጥንቻለሁ፤ መጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥሎ የአጎቴን ጣት የቆረጠው ምን እንደሆነ። አጎቴን አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብያቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ተነስቼ እሄዳለሁ፤ ሄጄም በዓለም ላይ ከማንም አብልጬ የምወዳቸውን ሰው በገበያ ፊት ውሸታም አደርጋቸዋለሁ።