ሆዳን እጇን ያወጣች ዕለት

ዕድሜ ሲገፋ ዓመቱም ሰዉም ይምታታል፤ አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናልና ከወዲሁ ይቅር በሉኝ። የስፖርት መምህሩ ከየትኛው ከተማ እንደመጣ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ድፍረት ሲባል ብዙዎቻችን ጩኸት ይመስለናል። እኔ ያየሁት ግን ድምፅ አልነበረውም።

ያኔ ጅጅጋ ውስጥ የአንድ ስፖርት ሜዳ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ከመሃል አገር የተመደበ ወጣት የስፖርት መምህር አዳዲስ ቀስቶች ይዞ መጣ። እኔ በሜዳው ለሚያልፉት ፍየሎች ስሰጋ፣ እሱ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ቤተሰቡ ቀስት የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ምስኪን፣ አገሩን ገና አላወቀም። እዚያ ቀስት የአዳኞች ዕቃ ነው፤ አዳኞቹ ደግሞ ሌላው ንቆ ጋብቻ የሚነፍጋቸው ቤተሰቦች ናቸው። ጥያቄው «ከእናንተ የተናቀው ማነው?» ከማለት አይለይም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔም ቁልፎቼን።

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ሆዳን፣ እጇን አወጣች። «አያቴ ያውቅ ነበር።»

አባቷ ይህንኑ የአዳኝ ቤተሰብ የሚል ስም ሸሽቶ ከደምበል ወረዳ መጥቶ፣ ጅጅጋ ሻይ ቤት ከፍቶ፣ ማንነቱን ለማንም ሳይተነፍስ ይኖር ነበር። በማግስቱ ሜዳው ድረስ መጣ።

«ሰው ቀረብን» አላት። «የፈላው ሻይ እንዳለ ተቀምጧል።»

«አቦ» አለችው፣ በሶማልኛ አባቴ ማለቷ ነው፤ «እነሱ ካልጠጡት እኛ እንጠጣዋለን።»

ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ሄደና በፔርሙዝ ሞልቶት ተመለሰ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦም ስትለማመድ ሲያያት ዋለ።

የጅጅጋን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ የተሰጣ ልብስ ከነገመዱ ይወስዳል። ሆዳን ሂጃቧ እየተርገበገበ፣ እሷ ሳትነቃነቅ፣ ነፋሱ እስኪበርድ ትጠብቀዋለች። «አዴር፣ ፍየሎቹን» ትለኛለች። እዚያ ትልቅ ሰው ሁሉ አዴር፣ አጎት፣ ተብሎ ይጠራልና፣ እኔም «አጎቷ» ፍየል አባርራለሁ፤ ከዚያ ትንፋሼን እይዛለሁ። ፍላጻው ሄዶ ዒላማው መሃል ላይ ሲሰካ፣ ይቅር በሉኝና፣ ስንት ጊዜ ባየውም አልለመድኩትም።

አዲስ አበባ ሄዳ የቀስት ውድድር አሸነፈች። ከጅጅጋ ወጥታ በቀስት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት አሉ። ስትመለስ ከተማው ሁሉ ዘመዷ ሆኖ ጠበቃት፤ አንዱ በእናቷ፣ ሌላው በአያቷ በኩል። ያ አያት ድንገት ስንት ዘመድ አፈራ!

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋን የሰማሁ ቀን፣ ጡረታ ወጥቼ አውበሬ ከተማ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። ከጅጅጋ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር፣ ከከተማው ትልልቅ ሽማግሌዎች አንዱ ሆዳንን ለልጁ ሚስትነት ሊጠይቅ ሰዎች አስከትሎ መሄዱን ነገረኝ።

«አባቷስ ምን አለ?»

«ልምምድ ላይ ናት፣ ስትመጣ ራሷን ጠይቋት አላቸው።»

«እሺ አለች?»

«እኔ እንጃ፣ አዴር። ሚኒባሱ ሞላና ወጣሁ። እነሱ ገና ደጅ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር።»