የጋሽ ይገባኛል ትርጉም

ስደተኛ በሰፈረበት አገር ሁሉ ከሁሉም ቀድሞ የመጣ አንድ ሰው አለ። ሲያወራ ብትሰሙት ብርዱን እሱ የጀመረው፣ የባቡሩን ሐዲድም እሱ የዘረጋው ይመስላችኋል። አዲስ መጪ ገና ሻንጣውን ሳያሳርፍ ከተፍ ይልና "የት ነው ያስቀመጡህ? ስንተኛ ፎቅ? አይ፣ ተሸውደሃል" ይላል። ቀጠሮ ካለህ አብሮህ ይሄዳል፣ ከሌለህ ያስይዝልሃል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል ስደተኛ ካለ፣ ሰውየው ራሱ መሆን አለበት።

የእኛው ጋሽ ይገባኛል ይባላሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚጠሩበት ሲናደዱ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የአገሩ ሰው ምንም ይናገር ምን፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ "ይገባኛል፣ ይገባኛል" ስለሚሉ ነው። ሐኪም ቢያስረዳቸው ይገባቸዋል። ፖሊስ ቢቆጣቸው ይገባቸዋል። ሊፍት ውስጥ የማሽኗ ድምፅ ፎቁን ስትጠራ እንኳ ጨዋ ናቸውና "ይገባኛል" ብለው ይመልሱላታል።

ክቡርነታቸው ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ "ትራንስፖርት ውስጥ ነኝ" ይላሉ። አልዋሹም። አውቶቡስ ውስጥ ናቸው፣ ከባልዲና ከመወልወያ ጋር። ከሥራ መልስ ግን የስደተኛው ሁሉ አማካሪ፣ አስተርጓሚና ጠበቃ ናቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም።

ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ በዚህ ሹመት አያምኑም። "አጅሬው የሚገባው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው" ይላሉ። "ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ ዳቦ ብልከው ሳሙና ይዞ ይመጣል።"

"ሳሙናውም አልቆ ነበር" ይላሉ ጋሽ ይገባኛል፣ ቅር ሳይላቸው።

እኔ ስመጣ ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ መጠለያ ካምፕ ቀርቷል። የአገሩ ሕግ ደግሞ ቋሚ ሥራ የያዘ ሰው ቤተሰቡን ያስመጣል፣ ያልያዘ ይጠብቃል ይላል። እናም ለእኔ ሥራ ማለት ባሌ ማለት ነበር። ይህን ለጋሽ ይገባኛል ስነግራቸው ኮታቸውን ቆለፉና "በይ ተነሺ" አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድነው የስደተኞች ድጋፍ ቢሮ ነው። ገና እግራችን ከመግባቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ያቀረቀረችው ባለ መነጽር ሴትዮ ቀና ሳትል አንዲት ነገር ጣል አደረገች። ጋሽ ይገባኛል ወደ እኔ ዞሩ።

"'እንኳን ደህና መጣሽ፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ደከመሽ ወይ፣ እኛም እኮ ስንጠብቅሽ ነበር፤ እንግዲህ ቤትሽ ነው' ትላለች።" ይህን ብለው ተመለሱና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ምን ያለ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፣ አልኩ በልቤ።

"ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለችው?"

"ቋንቋቸው አጭር ነው።"

እንባዬ መጣ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ መንገዱ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ባለ ሥልጣን አልነበረም። ለባለ መነጽሯ ወገቤ እስኪቆረጥ እጅ ነሳኋት። እሷም ግራ ገብቷት መነጽሯን አወለቀች።

ቀጥሎ ባለ መነጽሯ ካፖርት ያስፈልገኝ እንደሆነ ጠየቀች። ጥርሴ እየተንገጫገጨ "አይ፣ ተመስገን፣ ምን በወጣት፣ አታስቸግሯት" አልኩ። ሰው የሚሰጡትን መጀመሪያውኑ እሺ ይላል እንዴ? አንድ ሁለቴ እምቢ ብዬ፣ በሦስተኛው በግድ እንደተቀበልኩ ሆኜ ልወስድ ነበር ሐሳቤ። ጋሽ ይገባኛል የተረጎሙት ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከቢሮው ስንወጣ ካፖርት፣ ጓንት፣ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ መጥበሻ ተሸክመናል።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው? እኔ አልገባኝም።"

"አልገባሽም እንጂ ይገባሻል" አሉኝ፣ መጥበሻውን በብብታቸው ይዘው።

ከዚያ በኋላ ሥልጠና ተጀመረ። ሥልጠናው የሚሰጠው እሳቸው ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። እትዬ ቀጣሪ፣ እኛ አዲስ መጪዎች ተቀጣሪ፣ ጋሽ ይገባኛል ፈታኝ። ትልቁ ትምህርት "እዚህ አገር ሁለተኛ አይጠየቅም" የሚለው ነው።

"ሥራውን ትፈልጊያለሽ?" ይላሉ እትዬ፣ ሽንኩርት እየላጡ።

"ካስቸገርኩ ይቅር።"

"ወደቅሽ" ይላሉ ጋሽ ይገባኛል።

"እንደፈቀዳችሁ።"

"ወደቅሽ።"

"ከእኔ የተሻለ ሰው ካለ እሱ ይቅደም።"

"ጭራሽ ሌላ ሰው አስቀጠርሽ። ምነው ልጄ፣ ለባልሽ ስትዪ እንኳ?"

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ትንፋሽ ነው። መቼም እኛ ነገሩ ልባችን ሲደርስ "አዎ" ማለት ይታክተናል፤ ሳብ ነው የምናደርጋት፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ እህ እንደማለት። ጋሽ ይገባኛል ይህችን ነገር እንደ ወረርሽኝ ነው የሚፈሯት። "እዚህ አገር እንዲህ ትንፋሽ የሚስብ ሰው ወይ ደንግጧል ወይ ሊሞት ነው። አንዱ ወንድማችን 'ልጆች አሉህ?' ሲሉት ሳብ ቢያደርጋት አምቡላንስ ጠሩለት። አልጋ ላይ አስተኝተው 'አሁን ተሻለህ?' ቢሉት ደግሞ ሳባት።"

ወራት አለፉ። የቋንቋ ትምህርት ጀመርኩ፤ ጥቂት ቃላትም ለቀምኩ። አንድ ቀን ጋሽ ይገባኛል ሩጫ በሚመስል እርምጃ መጡና ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሄድን። ክፍሉ እንፋሎት በእንፋሎት ነው፤ ማሽኖቹ ያጓራሉ፣ ነጭ አንሶላ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ኃላፊዋ እጅጌዋን እስከ ክርን የሰበሰበች ደንዳና ሴት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና አንድ ነገር ተናገረች። ከተናገረችው "ቀጭን" የምትለዋን ቃል ብቻ ያዝኩ። ራሷንም ነቀነቀች፤ ያ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ባሌ ሲርቀኝ ታወቀኝ።

"'ገና ሳይሽ ወደድኩሽ' ትላለች" አሉ ጋሽ ይገባኛል ፈገግ ብለው። "'ብቻ እስቲ ያንን የአንሶላ ክምር አንሺና ጋሪው ላይ አድርጊልኝ' ትላለች።"

ብድግ አደረግሁት። ክምሩ ከእኔ ይበልጣል፤ ከኋላው ሆኜ ጋሪውም ሴትዮዋም አይታዩኝም። ጋሽ ይገባኛል በእኛ ቋንቋ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ አሁን ቀጥ በይ" እያሉ እንደ ከባድ መኪና አቆሙኝ። ክምሩን ሳራግፍ ኃላፊዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። ቀጥላ ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ የጠየቀችኝ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ፦ ሥራውን ትፈልጊያለሽ?

ይሉኝታዬ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። "ካስቸገርኩ" ልል ከንፈሬ ሲላወስ ጋሽ ይገባኛል እግሬን ረገጡት። ባሌ ትዝ አለኝ። ያንን ሁሉ ሥልጠና የበላው ጅብ አልጮኸም፤ ትንፋሼን ሳብ አደረግኋት። እንደዚያ አድርጌ በሕይወቴ ስቤ አላውቅም።

ኃላፊዋ ዘላ ወንበር አመጣች። ከሠራተኞቹ አንዷ ውሃ ታመጣለች፣ አንዷ የትራስ ልብስ ይዛ ታራግብልኛለች። እኔ ደንግጬ "ደህና ነኝ" ለማለት ደግሜ ሳብኩ፤ ይባስ አለ። ይሄኔ ጋሽ ይገባኛል እጃቸውን አንስተው መሐል ገቡ። የተናገሩትን አንድም ሳይቀር ሰማሁት፤ ቋንቋቸው እንደ እኔው ስብርብር ያለ ነበራ።

"አዎ ነው" አሏቸው። "በሽታ አይደለም፣ አዎ ነው። እኛ ጋ አዎ በጣም ትልቅ ሲሆን በድምፅ አይወጣም።"

ኃላፊዋ ጥቂት አሰበችና፣ እሷም ለሙከራ ሳብ አደረገቻት። ከዚያ ሰኞ እንድጀምር ነገረችኝ። ዛሬ እዚያ ክፍል "ማሽኑ ጨርሷል?" ብትሉ ሁሉም ሠራተኛ ትንፋሹን ይስብላችኋል፤ እንግዳ ሰው ቧንቧ የፈነዳ ይመስለዋል።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የቋንቋ አስተማሪያችን ክፍል ስትገባ ቦርሳዋን አሳረፈችና አንድ ነገር ተናገረች። ጆሮዬ ቆመ። ባለ መነጽሯ ያን ቀን ያለችኝ ነገር ነው፣ ቁርጥ እሱ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ተነስቶ በሩን ዘጋው። ጎኔ ያለችውን ምን አለች ብዬ ጠየቅኋት።

"'በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል' ነው ያለችው።"

ሳቅ አፈነኝ። እንኳን ደህና መጣሽ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ቤትሽ ነው፤ ይህ ሁሉ በሩን ዝጉት ኖሯል። እትዬ እውነታቸውን ነው፣ ሰውየው ምንም አይገባቸውም አልኩ። አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደምፎግራቸው ሳዘጋጅ ሳዘጋጅ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ያን ቀን ተመልሰው በሩን ዘግተውታል።

ገብቷቸው ነበር። ሁሉም ይገባቸዋል፤ የባለ መነጽሯም፣ የሆቴሏም "አይሆንም"። እኔ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚያስቀሩትን ያስቀሩታል እንጂ። የሆቴሏን ቃል እንዳለ ቢነግሩኝ ኖሮ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጥቼ፣ ባሌ እስከ ዛሬ ካምፕ በቀረ። ከአውቶቡሱ ስወርድ አይኔን እየጠራረግሁ ነበር፤ የምወዳቸው መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ላይ ነው።

እቤታቸው ስደርስ "ቋንቋው እንዴት ነው፣ ይገባሻል?" አሉኝ።

"አሁን ይገባኛል፣ ጋሼ።"

አተኩረው አዩኝ። "እንግዲያው አንድ አስተርጓሚ ጨመርን" አሉና ወደ ጓዳ ጮኸው እትዬን ሻይ አዘዟቸው። እትዬ ስኳር ላኳቸው፤ ለካ ምንም የማይገባቸው እትዬ ናቸው።

ባለፈው ወር ባለቤቴ ገባ። ባለ መነጽሯ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። ያን የሚያህል ሰው ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደ ተከሳሽ በሩ ሥር ቆመ። ባለ መነጽሯ ቀና ሳትል ያችኑ ነገር ጣል አደረገች። ባሌ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ ፈርቷል።

"'እንኳን ደህና መጣህ፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ደከመህ ወይ፣ ስንጠብቅህ ነው የከረምነው፤ እንግዲህ ቤትህ ነው' ትላለች።"

ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ በራ። "ይህን ሁሉ አለች?"

"ቋንቋቸው አጭር ነው" አልኩትና፣ ተመልሼ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።