ሦስት ሆነን የምናየው ተራራ

እኔ እንኳ ተራራ የምወጣ ሰው አይደለሁም። በሕይወቴ የወጣሁት ትልቁ ከፍታ ባዲዓ በሚባል የሪያድ ሰፈር ውስጥ የተከራየነው ፎቅ ጣሪያ ነው፤ እሱንም ኔትወርክ ፍለጋ። በሕፃንነቴ ወደ ሪያድ አምጥተውኝ እዚሁ አደግኩ። እናትና አባቴም እዚሁ ተቀብረዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የስሜን ተራሮች ፓርክን ካላየሁ ሲል አይገርምም? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው።

ነገሩን ያመጣው ሰዒድ ነው። ሰዒድ የደባርቅ ልጅ ነው፤ መጋረጃ ቤት አብረን እንሰፋ ነበር፣ አብረንም እንኖር ነበር። ሦስተኛችን ኑሩ የከሚሴ ሰው፣ የቤት ሹፌር ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጣሪያው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ጉዞ እናቅድ ነበር። ሰዒድ ገደሉን በእጁ አየር ላይ እየሳለ ያስረዳናል። ዋልያው በዚህ፣ ጭላዳው በዚያ። ኑሩ ደግሞ የከብሳ ሩዝ ድስት ካልተያዘ ንቅንቅ አልልም ይላል። ጭላዳ ሩዝ ይነጥቃል አይነጥቅም ተባብለን አንድ ዓርብ ሙሉ ተኳርፈናል። ኋላ አፋጥጠን ስንጠይቀው፣ ለካ ሰዒድ ራሱ ፓርኩን ረግጦት አያውቅም! የደባርቅ ሰው ተራራውን የሚያውቀው ፈረንጅ ወደዚያ ሲያልፍ በማየት ነው አለንና አረፈው።

ችግሩ የእረፍት ፈቃድ ነበር። የእኔና የሰዒድ ከፊል፣ አሠሪያችን ማለት ነው፣ ሁለት ሰፊ ባንድ ጊዜ አይለቅም። የኑሩ ማዳም ደግሞ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ሹፌሯን አትሰጥም። አንዱ ቀድሞ አይቶ በፎቶ ሊያቃጥለን ነው ብለን ፈራን። ስለዚህ ማልን። አገር የገባ ይግባ፣ ተራራውን ግን ሦስት ሆነን እንጂ ማንም ብቻውን ላያይ። ወላሂ ተባባልን። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባል የለ?

ከዚያ ኑሩ አገሩ ገብቶ አገባ፣ ሱቅም ከፈተ። የሰዒድ የመኖሪያ ፈቃድ አልታደስ አለና እሱም ኸላስ ብሎ ደባርቅ ገባ። እኔ ቀረሁ። ዓርብ ሲመጣ አሁንም ጣሪያው ላይ ወጥቼ ብቻዬን አቅዳለሁ። ድስቱ አይያዝ ብዬ ወሰንኩ፤ የተቃወመ የለም። ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል? ግን ደስ አይልም። የሚከራከረኝ ሰው ናፈቀኝ።

በቅርቡ ከፊሌ ድንገት ያላ፣ እረፍትህን ውሰድ አለኝ። ወዲያው ኑሩ ዘንድ ደወልኩ። «ኢንሻአላህ ወንድሜ» አለ፣ ቃሏን ጎትቶ ጎትቶ። ሪያድ የኖረ ሰው ያቺን የተጎተተች ኢንሻአላህ ያውቃታል። ልጅ ታሞበታል፣ ሱቁን የሚይዝለት የለም። አይመጣም።

ሰዒድ ዘንድ ደወልኩ። ምን እየሠራህ ነው ስለው በቅሎ ነጂ ሆኛለሁ አይለኝም! ቱሪስት ጭኖ በየጊዜው ፓርኩ ድረስ ይወጣል። ክው አልኩ። መሃላውስ?

ተቆጣ። «ኧረ ወላሂ አላየሁም! ለሥራ ነው የምወጣው። ዓይኔን ከበቅሎዋ ጭራ አላነሳም። ቱሪስቱ እዩ እዩ ሲል እኔ ጫማዬን አስራለሁ።»

ሳቅኩ። ቀጥሎ ሳላስበው አለቀስኩ። አንተ ብቻ ና፣ የኑሩን ድርሻ እኛ እናይለታለን አለኝ።

ሻንጣ ገዛሁ። ይኼኔ ከፊሌ ሐሳቡን ቀየረ። ዒድ ደርሷል፤ ዒድ ሲደርስ ሪያድ ውስጥ መጋረጃ የማያስቀይር ቤት የለም። ከዒድ በኋላ አለኝ። ከዒድ በኋላ ደግሞ የሠርግ አዳራሹ ሁሉ ሥራ ይመጣል፤ አውቀዋለሁ።

ለሰዒድ ነገርኩት። ችግር የለም፣ እጠብቅሃለሁ አለ።

እስቲ ይኼን ሰው ተመልከቱት። ሌላው ባሕር ተሻግሮ የሚያየው ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ለእኔ ብሎ አንገቱን ደፍቷል። በቃ ወንድሜ፣ እኔ መምጣቴን እንጃ፣ ቀና በልና እይ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እሱ ካየው፣ እኔን የሚጠብቅ ሰው ከየት አመጣለሁ? አላህ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ለጊዜው የበቅሎዋን ጭራ ይይ።