ወንድሜን ከስለት ያስፈታሁ ዕለት

ትንሿ ልጄ ሳድግ ድልድይ እሆናለሁ ትላለች። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አላለችም፤ ራሱን ድልድዩን ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። ወገብሽን አያምሽም ወይ ብላት፣ የሚያመኝ የጭነት ማኪና ሲያልፍ ብቻ ነው፣ እግረኛ አይከብደኝም አለችኝ። እናቷ ይህን ሰምታ አልተደሰተችም። ነርስ እሆናለሁ በይ እያለች ታስጠናታለች። እኔ ግን ምን ቸገረኝ? ድልድይ ቢያንስ ቦታው ይታወቃል።

አስተማሪ ስለሆንሁ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እጠይቃለሁ። ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ? ግማሹ አውሮፕላን ነጂ፣ ግማሹ ሐኪም ይለኛል። አንድ ልጅ ብቻ ዘንድሮ ጡረተኛ እሆናለሁ አለኝ። አያቱን አይቶ ነው። እንዲያው ለመሆኑ እኛን በልጅነታችን ማን ጠይቆን ያውቃል? አባት ያውቃል፣ እናት ታውቃለች፣ የቀረውን ደግሞ የንስሐ አባት ያውቃል። ልጁ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ሙግት ገጥሜያለሁ። አሸንፌም አውቃለሁ። እንዴት እንዳሸነፍሁ ልንገራችሁ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ቤታችን ጎንደር፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ጎማ ይለጥፋል። ሙያውን ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ቀስሞ፣ ሰውየው ሲሄድ ሙያው አባቴ ጋ ቀረ። ግቢያችን የተጣለ ጎማ ሞልቶታል። ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ከነዚያ በአንዱ ላይ ይቀመጥና፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ ካሚዮን ይነዳል። ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ አስመራ ደርሶ፣ ጨው ጭኖ ለምሳ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ግን ይዘገያል። እናቴ ምሳ ቀርቧል ስትል፣ ሊማሊሞ ላይ ነኝ፣ አሁን መቆም አልችልም ይላታል። አባቴም ከጎማው ቀና ሳይል፣ እውነቱን ነው፣ ዳገት ላይ አይቆምም፣ ይጨርስ ይላታል። ምሳው ይቀዘቅዛል። ሲመጣም ዝም ብሎ አይገባም፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ካላደረገ እጁን አይታጠብም።

የእኔ ሕልም ሌላ ነበር። እኔ ጠበቃ ነበርሁ። ችሎት በሚዋልበት ቀን ከትልልቆቹ ሰዎች መኻል ገብቼ እቆማለሁ። ተሟጋቹ በትሩን ሲወዘውዝ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ሲያጣፋ፣ ዳኛውን እያወደሰ ባላጋራውን ሲወጋ አይቼ አልጠግብም። ቤት ስመለስ የምከሰው ስለማጣ ዶሮ እከሳለሁ። አንድ ቀን አውራ ዶሮውን፣ የእንቁላል ጣዪዋን ጥሬ በጉልበት ቀምቷል ብዬ ከሰስሁት። ሌላ ቀን ይርጋን ራሱን፣ በካሚዮኑ ዶሮ ገጭተሃል ብዬ አቆምሁት። ፍሬን እምቢ አለኝ አለ። ዳኛውም እኔው ስለነበርሁ ውሀ እንዲቀዳ ፈረድሁበት። ደግነቱ፣ ቀዳ።

እንግዲህ ስለቱ ይመጣል። ይርጋ በሦስት ዓመቱ ክፉኛ ታሞ ነበር። እናቴ ተስፋ ስትቆርጥ፣ ዳባት አጠገብ በተወለደችበት አገር ላለው ለቅዱስ ሚካኤል ተሳለች። ይህን ከማርክልኝ ከቤቴ ወንድ ልጅ ለአገልግሎትህ እሰጣለሁ አለች። ልጁ ዳነ። ሰጪና ተቀባይ ተስማሙ ማለት ነው። ይርጋን ግን ማንም አላማከረውም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው የንስሐ አባታችን መምሬ ብሩ መጡ። ሚካኤል አጠገብ ቅኔ ቤት አለ፣ መምህሩ ወዳጄ ናቸው፣ ልጁን ይዤው ልሂድ አሉ። ለይርጋ የተነገረው በዋዜማው ነው። በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ክዳኑን አልያዘም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት። ወንድሜ መሪ ሳይዝ ጎማ ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም ነበር።

አባቴ አንድ ጎማ አንሥቶ ያገላብጥ ጀመር። ጎማ ለጣፊ ከመልአክ ጋር ምን ይከራከራል? እናቴ እያለቀሰች ስንቁን ቋጠረች። ብታስቀረው ሚካኤል የሰጣትን መልሶ ይወስድባታል ብላ ፈርታለች። መምሬ ብሩ መቋሚያቸውን አነሡ። ከግቢ ሊወጡ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ «በንጉሥ አምላክ» አልሁ።

ለማያውቅ ልንገር። ያን ጊዜ በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው፣ ባላባትም ይሁን ደሀ፣ ነገሩ ሳይሰማ እግሩን አያነሣም። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ይቋጠሩና የቀረበ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። እኔም የጋቢዬን ጫፍ ከእናቴ ነጠላ ጋር ቋጠርሁ። መምሬ ብሩ አንድ እግራቸውን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ።

እናቴ፣ «ምነው ልጄ፣ በእናትህ ላይ ንጉሥ ትጠራለህ?» አለች።

አባቴ ፊቱን ወደ ጎማዎቹ አዙሮ፣ «መምሬ፣ ልጁ ንጉሥ ጠርቷል። መሰማት አለበት» አለ። ለምን ፊቱን እንዳዞረ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ እየሳቀ ነበር።

መምሬ ብሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሸጋ ነው። ዳኛው እኔ ነኝ። ተናገር» አሉ።

ጋቢዬን አጣፋሁ። በትር ስላልነበረኝ የእንጨት ማንኪያ ይዣለሁ። እናቴ ስትሳል የይርጋን ስም አልጠራችም፣ ወንድ ልጅ ብቻ ነው ያለችው አልሁ። እናቴ ሐሰት አትናገርም፣ እውነት ነው አለች። ግን ያን ጊዜ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበረኝም፣ ማንን ልሰጥ ኖሯል አለች። ይህን ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። በዚያ በሙግቱ ቀን እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እንግዲያማ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ስጪ አልሁ። እሱ ገና የሚወደው ነገር የለም። ካሚዮን የለውም፣ አያለቅስም፣ አድጎ ራሱን ሲያውቅ ቅኔ ቤት ያገኘዋል፣ የተወለደበት ይመስለዋል። ይርጋ ግን ሥራ የያዘ ሰው ነው። ማንኪያዬን ወደ ሰማይ አነሣሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ንግግር አድርጌ አላውቅም።

መምሬ ብሩ ጢማቸውን አሻሹ። «በማኅፀን ያለ ልጅ ለስለት ይበቃል ነው የምትል?»

«ይበቃል፣ አባ።»

«ከቤቱ ልጆች ይቆጠራል?»

«በደንብ ይቆጠራል።»

ወደ እናቴ ዞሩ። «የተሳልሽው በየትኛው ወር ነበር?»

«በሐምሌ፣ ፍልሰታ ሳይገባ።»

«ይህ ከሳሽ የተወለደውስ?»

«በቀጣዩ ኅዳር» አለችና አፏን ያዘች። «ኅዳር ሚካኤል ማግሥት።»

አባቴ መሳቁን ተወ። መምሬ ብሩ በጣታቸው ወሩን ቆጠሩ። እናቴ ስትሳል የአምስት ወር ፅንስ እንደነበርሁ ተረጋገጠ። ስሙ ያልተጠራ ስለት ነው፣ ከሁለቱ የተሻለውን መምረጥ ይገባል አሉ። አንደኛው ያለቅሳል፣ አንደኛው አንደበት አለው። ቅኔ ደግሞ የሚሻው አንደበት ነው። ፈረዱ።

ይግባኝ አልሁ። ወደ ማን አሉኝ። ወደ ሚካኤል አልሁ። ሸጋ፣ እኛም ወደዚያው ነን፣ ተነሥ አሉኝ።

በይርጋ ልክ የተሰፋውን የተማሪ ደበሎ ለብሼ ሄድሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይጎተታል። ይርጋ የካሚዮኑን ጥሩምባ በአፉ እየነፋ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘኝ። እሱ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል፣ እኔ በመሄዴ ሆዴ ባብቷል። የትኛው ይበልጥ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። እናቴ በኋላ የወለደችው ሴት ሆነች። ክርክሬ ቢጸናም እንኳ ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው።

ስድስት ዓመት ተማርሁ። ቁንጫውንም፣ ግእዙንም ለመድሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅኔ እየቆጠርን ሳለን በር ላይ አንድ ረጅም ጎረምሳ ቆመ። ፊቱ እንደ አመድ ነጥቷል። ይርጋ ነው። አባቴ በስንት ልመና የካሚዮን ረዳትነት አግኝቶለት፣ የመጀመሪያ ጉዞው ነበር። ለካስ የእውነቱ ካሚዮን ያዞራል። ሊማሊሞን ሲወርዱ ያስመልሰው ጀመር፤ ሲመለሱም ሽቅብ እንደዚያው። ዳባት ሲደርሱ ሾፌሩን ለምኖ ወረደ። ሁለተኛ ማኪና ላይ አልወጣም፣ ጎንደር በእግሬ እገባለሁ አለኝ። እስኪሻለው እኛ ዘንድ ተኛ። ሲሻለው ዜማውን ሰማ። ሲሰማው አብሮ አዜመ። መምህራችን ይህን ድምፅ የት ደብቃችሁት ነበር አሉ። ይርጋ ዛሬ እዚያው ሚካኤል ቄስ ነው። ሰው ድምፁን ሊሰማ ከሩቅ ይመጣል። እሱ ታዲያ የትም የሚሄደው በእግሩ ነው።

እኔም ስለቱ በእሱ ተሞላ ብዬ ተሰናብቼ ጎንደር ተመለስሁ። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ወገቤ ከማይደርሱ ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ። የይርጋን ነገር ለእናቴ ስነግራት አልደነቃትም። የተሳልሁት እኮ እሱን ነው፣ ስሙን ባፌ ባልጠራው በልቤ ጠርቼው ነበር አለችኝ። ታዲያ ይህን እያወቅሽ እኔን ስድስት ዓመት ያስቀመጥሽኝ ምነው ብዬ ተቆጣሁ።

እናቴ ምስሯን መልቀሟን ሳታቆም፣ «ዝም ብትል ማን ይልክህ ነበር?» አለችኝ።