የኤምሬን ሞት ለሐያት ማን ይንገራት?

ሰው ሲሞት ወሬውን ለማን እንደምንነግር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለሁሉም ነው የምንነግረው። ለባጃጅ ሹፌሩ፣ ለባለሱቁ፣ ገበያ መሐል ላገኘነው የሩቅ ዘመድ ሳይቀር እንነግራለን፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ይሆናል። የማንነግረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለባለ ሐዘኑ። ወንድሙ የሞተበት ሰው ምንም ሳያውቅ ከእኛው ጋር ሻይ ሲጠጣ፣ ሲስቅና ሲያስቅ ሰንብቶ፣ አንድ ማለዳ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች በሩን ሲያንኳኩ ያኔ መርዶውን ይሰማል። እስከዚያች ማለዳ ድረስ ሟቹ አልሞተም፤ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው። እኔ በበኩሌ ከተቀበረ በኋላ ትንሽ ያመመው ሰው ብዙ አውቃለሁ።

በዚህ ልማድ የሚያሾፉ ዘመናውያን አሉ። ስልክ እያለ ሽማግሌ ምን ያደርጋል ይላሉ። እኔ አላሾፍም። ሰው መርዶ ብቻውን ቆሞ መስማት የለበትም፤ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ያስፈልገዋል። ልማዱ መልካም ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ሟቹ የቴሌቪዥን ተዋናይ ሲሆን ነው።

እኔ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ አናጺ ነኝ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርጩማ እሠራለሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እጄን የሚያደክመኝ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥንን ከእግሩ ጀምሮ አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል። ከእግሩ በላይ ያለውን የሚያውቁት ባለቤቴ ሙኒራና ልጄ ሐያት ናቸው። ማታ ማታ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የቱርክ ድራማ አለ፤ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሲዋደዱ፣ ሲኮራረፉ፣ ሲታረቁ የሚያመሹበት። እኔ ይህን አላይም። ከድራማው በኋላ ዜና ስላለ፣ ቦታ እንዳይያዝብኝ ቀደም ብዬ እቀመጣለሁ እንጂ። ሰው ስለ አገሩ ሁኔታ ማወቅ አለበት፤ አይደለም እንዴ?

በዚህ ድራማ ውስጥ ኤምሬ የሚባል ልጅ አለ። ሐያት አልጋዋ ራስጌ ፎቶውን ለጥፋለች። እኔ ስለ ልጁ ብዙም የማውቀው የለኝም። እናቱ በሕፃንነቱ ትታው የሄደች፣ አያቱ ያሳደገችው፣ ሒሳብ የሚያስጠላው፣ ለጓደኛው ብሎ ያላጠፋውን ጥፋት ተቀብሎ ከትምህርት ቤት የተባረረ፣ ኋላም እውነቱ ሲወጣ ርእሰ መምህሩ ራሱ ይቅርታ የጠየቀው... ብቻ ዝርዝሩ ለእናንተም አይጠቅማችሁም። አማርኛው ግን እንዴት ያምራል! የእኛው የቦሳ አዲስ ሰፈር ልጅ እንጂ የኢስታንቡል አይመስልም። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው አሉ፤ እናትና አባቱ እንደፈለጉ ይጥሩት፣ ጅማ ላይ ኤምሬ ነው።

ያን ሰሞን ሐያት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታ ነበር። ይህ ፈተና ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያስፈተነ ያውቀዋል። ተማሪዎቹ እዚያው ያድራሉ፤ ስልክ ክልክል ነው፤ በፍተሻው በኩል ጉንዳን እንኳ ጥያቄ ሳትጠየቅ አታልፍም። ልጄ ስልኳን ለእናቷ አደራ ሰጥታ፣ ፍራሿን ተሸክማ ገባች። ፋርማሲ ማጥናት ነው የምትፈልገው። አጋሮ ያለችው እናቴ፣ የልጅ ልጆቿ «አኮ»፣ አያቴ፣ የሚሏት፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐያት መድኃኒቱን እኔ ነኝ የማገኝልሽ ብላ ቃል ገብታላታለች።

ታዲያ በሳምንቱ መሐል እኔ ጣውላ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ስልክ ተደወለ። ሙኒራ ናት። «ና ወደ ቤት» አለችኝ። ምን ሆናችሁ ብላት «ና ብቻ» ብላ ዘጋችው። «ና ብቻ» ምን ማለት እንደሆነ ለማን ይነገራል? መጋዙን ጥዬ፣ ሰጋቱራዬን ሳላራግፍ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ እናቴ ናት ያለችው በዐይኔ ላይ። ቤት ስደርስ ሙኒራና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ኤምሬ ሞተ አሉኝ። በአገሩ ሞተር ብስክሌት ይዞት ወደቀ።

እፎይ አልኩ፤ አልዋሽም። እናቴ መስላኝ ነበር አልኳቸው። ሁለቱም ቀና ብለው እንደ አረመኔ አዩኝ። እኔም እጄን ልታጠብ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ዐይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገብቶ ኖሮ ቶሎ አልወጣ አለኝ።

የሚገርመው ያን ዕለት ማታ ድራማው እንደ ወትሮው መጣ። ይህ ድራማ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ባለቤቶቹ አይተው ከረሱት በኋላ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ያለቀስንለት ልጅ ማታ ከአያቱ ጋር ተቀምጦ ሾርባ ሲጠጣ አየነው። አየሁት አላልኩም፤ ዜናውን ስጠብቅ ነው። እትዬ አስካለ «ጠጣ ልጄ፣ ምን ያደርግልሃል እንግዲህ» ብለው ሲያለቅሱ፣ ሙኒራ ድንገት ቀጥ አለችና የፈራነውን ተናገረች። ሐያትስ?

ልጅቷ ግማሹን ፈተና ጨርሳለች፤ ግማሹ ይቀራታል። ወሬው አጥሩን ከዘለለ ዓመቱን ሙሉ የተማረችው ሁሉ በእንባ ታጥቦ መሄዱ ነው። ሙኒራ በማግሥቱ እንደ ጦር አዛዥ ከቤት ቤት ዞረች። ልጅ ያስፈተነች እናት ሁሉ ልጇን ለማየት አጥሩ ጋ ስትሄድ ስለ ኤምሬ ትንፍሽ እንዳትል አስማለች። ሙስሊሟ በወላሂ፣ ክርስቲያኗ በማርያም ማለች። ግን ከዚያ በኋላስ? ወጥታ ስልኳን እንደከፈተች ፊቱን በጥቁር ሪባን ታየዋለች። ልጄ ይህን ያህል የምትወደውን ሰው ሞት ብቻዋን፣ አውራ ጣቷን ስክሪን ላይ እንደጫነች ልትሰማው ነው። ይህ እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ። በወጉ ይነገራት ተባለ።

ወግ ከተባለ ደግሞ ሐጂ አወል ናቸው። ሐጂ አወል በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ አንደበታቸው ማር ነው፤ ማልደው መንገድ ላይ ሲታዩ ግን የሰው ሁሉ ልብ ይመታል። አንድ ጊዜ ለልጃቸው ሰርግ ሊጠሩ በጠዋት ቢወጡ፣ ያንኳኩት ቤት ሁሉ በዋይታ ተቀበላቸው። እሳቸው ዘንድ ሄደን አንገታችንን ደፍተን ነገሩን አስረዳናቸው። ይስቁብናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም። እስከ መጨረሻው ሰሙንና ልጁ ሙስሊም ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ይመስለኛል አልኩ፤ አያቱ ከመስገጃዋ አትነሳም፣ እሱም የዒድ ለት ጉልበቷን ስሞ ሲያስመርቅ ነበር፣ ያውም ገና ከመታረቃቸው። ሙኒራ ዞር ብላ አየችኝ። ሐጂ «ኢና ሊላሂ» አሉና ልጅቷ ትወደው ነበር ወይ አሉ። ወላሂ ትወደዋለች አልናቸው። «እንግዲያስ መርዶ ነው፤ በወጉ እናረዳታለን» አሉ። ያን ሰዓት እኚህን ሰውዬ ምን ያህል እንደወደድኳቸው!

የፈተናው መጨረሻ ደርሶ ሐያት ከስታ፣ ግን ጥርስ በጥርስ ሆና ወጣች። ፈተናውስ ስንላት አልሐምዱሊላህ አለች። ስልኬስ ስትል ተበላሽቶ ሠሪ ዘንድ ነው አልኳት። ቴሌቪዥን ልትከፍት ስትል መብራት የለም፤ ቀድሜ ብሬከሩን ዝቅ አድርጌዋለሁ። የጎረቤት መብራት በመስኮት ቦግ ብሎ ይታያል፤ የእኛ ፌዝ፣ የእኛ መስመር ብቻ ነው የጠፋው አልኩ። በአገራችን ስለ መብራት የተዋሸ ውሸት ተነቅቶበት አያውቅም። እራት ላይ ሙኒራ ያላጎረሰቻት ነገር የለም። እትዬ አስካለም «ብይ ልጄ፣ ነገ የሚመጣውን ማን ያውቃል» ብለው ሊያፈርሱት ነበር፤ በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው። ሐያት ግን በሻማው ብርሃን እኔን እየሰረቀች ታየኛለች። ተጠራጠረች፣ አልቆልናል አልኩ በልቤ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጡ። ሐጂ ከፊት፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ከጎን፣ ከኋላ ሴቶቹ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወይ ጥፋት! በሩን የከፈተችው ሐያት ራሷ ሆነች።

ሐጂ አወልን በዚያ ሰዓት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ደጃፏ ላይ ስታይ ልጅቷ ምን ታስብ? እኛ ሳምንቱን ሙሉ ስንመክር ይህን አንድ ነገር ያሰበ አልነበረም። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ «አኮ!» ብላ ጮኸች። «አኮ ኮ፣ አያቴ!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ሐጂ ቃል እስኪያወጡ ድምፅ እንዳያሰሙ የተባሉት ሴቶች የእሷ ጩኸት ቃሉ መሰላቸውና ዋይታውን ለቀቁት። ሰፈሩ ተናጋ። ሐጂ ደግሞ መርዶ ላይ መቸኮል አያውቁም። ልጄ ተቀመጪ፣ ዓለም ኃላፊ ናት፣ ነቢያትም አልቀሩም፣ የተወለደ ሁሉ ተመላሽ ነው እያሉ በእርጋታ ቀጠሉ። እሳቸው አንድ ቃል በጨመሩ ቁጥር ልጄ አያቷን ደግማ ትቀብራለች። ልናገር ብል አንዱ ሽማግሌ እጄን ጨብጦ መርዶ አይቋረጥም አለኝ። ደረቷን ስትደቃ፣ ለጉልበትሽ መድኃኒት ሳላመጣልሽ እያለች ስታለቅስ አየሁ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

አኮ ደህና ናት፣ የሞተው ኤምሬ ነው ብዬ ጮህኩ።

ሐያት ቀና አለች። ኤምሬ? አዎ ኤምሬ። አኮስ? አኮማ አጋሮ ናት፣ ይኼኔ ጎመኗን እያጠጣች ነው። ልጄ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» እያለች ተነስታ ያገኘችውን ሁሉ ትስም ጀመር። ሴቶቹ የጀመሩትን ዋይታ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሙኒራ ልጅቷ አበደች ብላ ያዘቻት።

ሐያት ግን እንባዋን እየጠረገች «ኤምሬንማ ከሒሳብ ፈተና በፊት አልቅሰን ጨረስን» አለች።

ጉንዳን የማታልፍበት ፍተሻ ወሬን አላገደውም። ምግብ የምታድላቸው ሴትዮ ናት አሉ የነገረቻቸው፤ የእሷም ዐይን አብጦ ነበር። ከሊሙ፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ የመጡ ልጆች ፍራሻቸውን አንድ ላይ አንጥፈው ተቀመጡ። አንዷ ዱዓ አደረገች፣ አንዷ ሙሾ አወረደች፣ የሊሙዋ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው እየዞረች በቃችሁ፣ በቃችሁ እያለች አጽናናች። በማግሥቱ ያበጠ ዐይናቸውን ይዘው ፈተና ገቡ። ማንም አልጠረጠራቸውም፤ ሒሳቡ ራሱ ስላስለቀሰ ያላለቀሰ ተፈታኝ አልነበረም።

ታዲያ ትናንት ማታ ለምን አልነገርሽንም ብላ ሙኒራ ተቆጣች። ሐያት አቀርቅራ ጣቶቿን ማፍተልተል ያዘች። ማሎ፣ እባክሽ እማዬ፣ ለአባዬ ማን ይንገረው ብዬ ነው አለች። ስልክ ላይ ብዙም አይደለ፣ አልሰማም መስሎኝ። ብቻውን እንዳይሰማው ብዬ፣ ዛሬ ሐጂ አወል ዘንድ ልሄድለት ነበር።

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔማ ሳቅኩ። ስለ ዜናው አስረዳሁ፣ ስለ መቀመጫው አስረዳሁ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ የሚሠራ ሰው ግዴታ ቴሌቪዥን ያያል ማለት እንዳልሆነ አስረዳሁ። የሚሰማኝ አላገኘሁም። ሐጂ አወል ክንዴን ይዘው ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ። ሐጂ፣ እኔ እኮ ሰምቻለሁ፣ ሳምንቴ ነው አልኳቸው።

«ሰምተሃል» አሉኝ፤ «ግን ያጽናናህ ሰው አለ?»

አስቤ አስቤ አንድም አጣሁ። ጓሮ ብቻዬን ነበርኩ። ያ አያቱ ያሳደገችው ልጅ፣ ያ ሒሳብ የማይሆንለት፣ ያ ለጓደኛው ብሎ የተባረረ ልጅ ከእንግዲህ የለም። ያ ሁሉ ጎረቤት ፊት፣ ጋቢዬን ዐይኔ ላይ ጥዬ ተንሰቀሰቅኩ። እግዜር ያጽናህ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ እያሉ በየተራ ተሳለሙኝ።

መሐል ላይ ሙኒራ ወደ እትዬ አስካለ ጆሮ ጠጋ ብላ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። «እናቴ የሞተች ጊዜ» አለች፣ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ አላለቀሰም።»